ከፍራሽ ሥር የተገኘው መድኃኒት

አስቀድሜ ልናገር፤ መድኃኒተኛ አይደለሁም። ከዘመሮ እስከ መሐል ሜዳ «ባሏ ላይ መድኃኒት ያደረገችው ጥሩሸዋ» ሲባል የሰማ ሰው ስለማይጠፋ ነው ከዚህ የምጀምረው። ያቺ ጥሩሸዋ እኔ ነኝ። ባሌ አወቀ ይባላል። አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ገብስ አጭደናል፣ በግ ሸልተናል፣ አንዲት ሴት ልጅ ስምንተኛ ክፍል አድርሰናል። እንኳን መድኃኒት ላደርግበት፣ ወጡ ጨው የበዛበት ቀን ሳይቀምሰው የምናገር ሴት ነኝ።

ነገሩ የተነሣው ከጥርሴ ነው። ከጥርስ ተነሥቶ የት እንደደረሰ አሁን ትሰማላችሁ። መንጋጋዬ አብጦ ፊቴ ዱባ ሲያክል ጤና ጣቢያ ሄጄ ካፕሱል ተሰጠኝ፤ ዋጥኩት፤ ጥርሴ ዳነ። በሳምንቱ ግን ሌላ ቦታ ያሳክከኝ ጀመር። ሌላ ቦታ ስል ገብቷችኋል። ማሳከክ ሲባል ቁንጫ የነከሰው ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ እሳት ነው። ስሸና ያቃጥላል፣ ስቀመጥ ያቃጥላል። ቤተ ክርስቲያን ስብከት ሲጀመር ሰው ሁሉ አረፍ አረፍ ሲል እኔ ብቻዬን ቆሜ እሰማ ነበር። የባሌ እህት ጌታነሽ «ጥሩሸዋ ምን ነካት፣ በረታች እኮ» ብላ ለሰው ስታወራ ሰማሁ። መበርታቴን እኔ ነኝ የማውቀው።

ዝም ብዬም አልተቀመጥኩ። መጀመሪያ በጨው ውኃ ታጠብኩ። ከዚያ በልብስ ሳሙና። ከዚያ አንድ ቀን በሎሚ ሞከርኩት፤ የሎሚውን ነገር ባልነግራችሁ ይሻላል፣ ጓሮ ለጓሮ ስሮጥ የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ደንግጦ ጮኸብኝ። በቀን ሦስቴ እየታጠብኩ ነገሩ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም።

ለባልሽ ለምን አልነገርሽውም ትሉኝ ይሆናል። ምን ብዬ? በኛ አገር በግ ሲታመም ከጆሮው እስከ ላቱ ስሙን እየጠራን እንናገራለን። ሰው ሲታመም ግን ከእምብርት በታች ያለው አገር ስም የለውም። እናቴ «ሆዴን» ትል ነበር፤ ስትወልድም ሆዴን፣ የወር አበባዋ ሲመጣም ሆዴን፣ ጎመን ሲነፋትም ሆዴን። እኔም ከሷ የወረስኩት ቃል ያው ነው። እናም አወቀ ማታ ወደኔ ጠጋ ሲል ቃል ስለሌለኝ ጀርባዬን ሰጠሁት። እሱ በግድግዳው በኩል ነው የሚተኛ፣ እኔ በዳር። ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ያንቀላፋሁ እመስላለሁ። ሁለት ወር እንዲህ ሆንን። አንድ ቀን እንኳ ለምን አላለኝም፤ እሱም ቃል የለውማ።

ሰፈራችን ጤና ኬላ አለ። ግን የምትሠራው የጌታነሽ ልጅ ናት፤ ለሷ መንገር ማለት ለጌታነሽ መንገር ነው፣ ለጌታነሽ መንገር ደግሞ በድምፅ ማጉያ መናገር ነው። ስለዚህ ተመልሼ ያ ካፕሱል የሰጠኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያየኝ ወንድ ነበር። ምንሽን ነው ሲለኝ ሆዴን አልኩት። የሆድ ትል መድኃኒት ሰጠኝ። ምን ያድርግ፤ የነገርኩትን ነው ያከመው። ትሉ ካለ ሞቷል፣ ማሳከኩ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

በመጨረሻ ሱፍ ልሸጥ ብዬ ዋሽቼ መሐል ሜዳ ወረድኩ። እዚያ ሲስተር ጽናት የምትባል ነርስ አገኘችኝ። ለሷ ትንሽ ደፈር ብዬ «ታችኛው ሆዴን» አልኳት። ይቺ ልጅ ጆሮ አላት። ወንበሯን ሳበችና ያሳክክሻል ወይ፣ ስትሸኚ ያቃጥልሻል ወይ፣ እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር ይወጣሻል ወይ አለችኝ። እንደ አይብ ስትለኝ አዋቂ ቤት የገባሁ መሰለኝ፤ በምን አወቀችው? አስተኝታ አየችኝ፣ ናሙና ወስዳ አስመረመረችና ፈንገስ ነው አለችኝ። ብዙ ሴት ላይ የሚመጣ ነው፣ ነውርም የለበት፣ ከባልሽም አልመጣ፣ ከቆሻሻም አልመጣ፤ ለጥርስሽ የዋጥሽው መድኃኒት ክፉውን ጀርም ሲገድል ፈንገሱን የሚገታውንም ደጉን አብሮ ገድሎት ይሆናል አለች። ሳሙናና ሎሚ እርም በይ፣ በንጹሕ ውኃ ብቻ ታጠቢ አለች። የስድስት ቀን መድኃኒት ጻፈችልኝ። አጠቃቀሙን ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ይዘው ገቡ። መድኃኒት ቤቱ ይነግርሻል ብላኝ ሮጠች።

መድኃኒት ቤቱ ደግሞ ማን ሆነና? ጋሼ በዕውቀቱ። የአባቴ የገብርኤል ማኅበርተኛ፤ ክርስትና ስነሣ ቆመው የነበሩ ሰው። ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከኋላቸው ካለው መደርደሪያ ትንሽ ካርቶን አውጥተው ከፈቱት፤ ስድስት ነጫጭ ጫፋቸው ሾል ያለ ፍሬዎችና አንዲት የላስቲክ ዘንግ። ከዚያ ዓይናቸውን ኮርኒሱ ላይ ተክለው ተናገሩ።

«ማታ ማታ ስትተኚ አንድ አንድ፣ ከታች ታስገቢያለሽ። እንዳትውጪው።»

«ከታች?» አልኩ።

«ከታች። በዚች ዘንግ ወደ ውስጥ ገፋ ታደርጊዋለሽ፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ሳትነሺ ተኚበት።»

ገባሽ ወይ አሉኝ፣ ገባኝ አልኩ። እሳቸው እንደ እፎይታ ተነፈሱ፣ እኔም ተነፈስኩ። እንዲህ ሆነን ተለያየን።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ማታ፣ ስተኛ፣ ከታች አስገቢ፣ በዘንግ እስከ መጨረሻው ግፊ፣ ተኚበት። አልጋዬ ፍራሽ አለው፣ ፍራሹ ታች አለው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በርግጥ ካርቶኑ ውስጥ ወረቀት ነበር፤ ልጄ የምሥራች ብታነብልኝ ትችል ነበር፤ ግን ልጄን ምን ብዬ? ሥዕልም ነበረበት፣ ብቻ የሰው ይሁን ለሁለት የተከፈለ ዱባ ይሁን መለየት አቃተኝ። እንዴት ከፍራሽ ሥር ሆኖ ያድናል ብዬም አስቤበታለሁ። እናቴ ክታብ ከትራሷ ሥር አድርጋ ራስ ምታቷ ይለቃት አልነበር? ደግሞስ ይሄ ስልክ ያለ አንዳች ሽቦ ከደብረ ብርሃን ድምፅ ያመጣ የለም? ኪኒን ከፍራሽ ሥር ሆኖ ጀርባ አልፎ ቢገባ ምን ይገርማል አልኩ። የፈረንጅ ክታብ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ስድስት ማታ፣ አወቀ ከብት አስሮ እስኪገባ፣ አንድ አንዷን ከፍራሹ ሥር በዘንጓ ገፋሁ። ትእዛዝ አክባሪ ነኝ፤ እስከ መጨረሻው ስለተባልኩ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ገፋሁ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ለቀቅ አለልኝ። ያ ሳሙናና ሎሚ በመቅረቱ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ፤ ያኔ ግን ፈረንጅን መረቅሁ። በአምስተኛው ቀን እሳቱ ካቆመበት ቀጠለ።

ስድስተኛዋን በገፋሁ ማግሥት ቅዳሜ ነው፤ እኔ ገበያ ወጣሁ። አወቀ ቁንጫው አላስተኛኝ ብሎ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ሊያሰጣው አነሣው። እስከ መጨረሻው የገፋኋቸው ስድስት ፍሬዎች የት ተገኙ? በሱ መተኛ በኩል፣ ልክ ከወገቡ ሥር፣ ተደርድረው።

ከገበያ ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። አጎዛ አንጥፎ ስድስቱን እላዩ ላይ ደርድሯቸዋል። ይህ ምንድን ነው አለኝ፤ ድምፁ ቀዝቅዟል። እኔም ደንግጬ እውነቱን ነገርኩት። «መድኃኒት ነው» አልኩት።

መሐል ሜዳ ብሆን ይህ ቃል ምንም አልነበረበትም። በኛ ሰፈር ግን ሚስት ከባሏ መኝታ ሥር ያደረገችው መድኃኒት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሏን ልታደነዝዝ፣ ወይ ልታሳብድ፣ ወይ ልትገድል። አፌ ካወጣው በኋላ ነው የተሰማኝ። ለማን ነው አለኝ። ለእኔ ነው ብል ምንሽን ሊለኝ ነው። ምነው ያኔ ምላሴ ተቆርጦ በወደቀ እንዳልል፣ ምላሴማ አልሠራ ብሎ ነው ጉዱ የፈላው። አወቀ ተነሥቶ ባናውን፣ ያን የሱፍ ብርድ ልብሳችንን፣ ከአልጋው ላይ ገፈፈና ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እህቱ ጌታነሽ ቤት ሄደ።

ጌታነሽ ይህን ቀን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረች ነው የምትመስለው። በረዶ ገብሱን የመታው በኔ መድኃኒት ነው። ጥቁሯ በግ ያስወረደችው በኔ መድኃኒት ነው። አወቀ ገደሉ ጥግ ያዳለጠው፣ ፀጉሩ ከፊት የሸሸው፣ ሁሉ የኔ ሥራ ሆነ። ፀጉሩ ከሸሸ አሥር ዓመት አልፎታል፤ እሱን ማን ያስታውስ። ሰኞ ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ እንስራዬን እንዳይነኩ ሸሸት አሉ። ማክሰኞ ጎረቤቴ የላክሁላትን ዳቦ ጾም ነው ብላ መለሰችው፤ ማክሰኞ ምን ጾም አለ? ረቡዕ የምሥራች ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች፤ አብራት የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ቀይራለች። ያን ጊዜ እኔም ተቀምጬ አለቀስኩ። አንዴ መድኃኒተኛ ከተባለች ሴት ቤት እህል የሚቀምስ የለም፤ ልጇንም የሚያጭ የለም። ባሌን ላጣ ነው፣ ስሜን ላጣ ነው፣ በዚያም ላይ ማሳከኩ አልተወኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኛው ቤት። የነፍስ አባታችን መምሬ ይሥሐቅና አቶ ወዳጆ ናቸው። አቶ ወዳጆ በአገሩ የተጣላ ሁሉ የሚዳኘው በሳቸው ነው፤ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ ፍርዳቸው ቀና ነው። ጌታነሽ ማንም ሳይጠራት ምስክር ነኝ ብላ መጣች። ስድስቱን ፍሬ በቆርቆሮ ሳህን አድርጋ፣ ሳህኑን ክንዷን ዘርግታ ከራሷ አርቃ ይዛ፣ መሀል አስቀመጠችው። አወቀ ወደ ጥግ ተቀመጠ። በሳምንት ውስጥ ከስቷል። አየሁትና አንጀቴን በላው፤ ልናደድበት ተዘጋጅቼ ነበር፣ አልሆነልኝም።

መምሬ ከመመርመሩ በፊት ይባረክ ብለው ሳህኑ ላይ ጠበል ረጩበት። ጉድ እዚህ ላይ ነው። ፍሬው ለካ ውኃ ሲነካው የሚሟሟ ኖሯል፤ አንዱ ቹስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ጌታነሽ ጋኔኑ ጮኸ ብላ እሪ አለችና በሩ ላይ ተገኘች። አቶ ወዳጆ ዱላቸውን ጨበጡ። መምሬ መስቀላቸውን አወጡና «በስመ አብ» ብለው ቀጥ አሉ። እኔ እንኳ፣ የገዛሁት እኔ፣ እግሬን ሰበሰብኩ።

አረፋው ሲረግብ አቶ ወዳጆ አወቀን ያለህን ተናገር አሉት። ገብሱንም በጓንም ይቆጥራል ብዬ ስጠብቅ አንዱንም አላነሣ።

«ሁለት ወር ሙሉ የማየው ጀርባዋን ነው» አለ። «ከጠላችኝ ጠላሁህ ትበለኝ፣ እሄድላት ነበር። መድኃኒት ምን አስፈለገ?»

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። አሥራ ስድስት ዓመት ስኖር ድምፁ ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም፤ አባቱ ሲሞት እንኳ። የት እንደገባ አላውቅም፣ ያ ሁሉ ሐፍረት ከላዬ ላይ ወረደ። እንግዲህ ዓይኔን በጨው ታጠብኩ።

«አልጠላሁህም» አልኩት። «ያሳክከኛል።»

አቶ ወዳጆ እጃቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገው ምን አለች አሉ። ያሳክካታል አሏቸው መምሬ። የት ሲሉ፣ ከታች አልኩ። አቶ ወዳጆ እግሬን አዩና ቋቁቻ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም፣ ከዚያ ከፍ ይላል አልኩ። ጉልበትሽን ነው ወይ አሉ። ከዚያም ከፍ ይላል አልኩ። ከፍ ባልኩ ቁጥር ሁሉም አንገቱን ደፋ። እንዲያ ሆኖ እዚያው ሊመሽብን ነበር፣ መምሬ ባይደርሱልኝ።

«ኀፍረተ ሥጋሽን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ለካ በግእዝ ይባላል! ንስሐ ሲያናዝዙ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ቃሉን ከየት እንደሚያመጡት ያውቃሉ። «አዎ መምሬ፣ ኀፍረተ ሥጋዬን ነው» አልኩ፤ በግእዝ ሲሆን እንደ ጸሎት ለስልሶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመኝ። ጥርሴን ነገርኳቸው፣ ሎሚውን ነገርኳቸው፣ የትሉን ኪኒን፣ ሲስተር ጽናትን፣ ፈንገሱን፣ ሁሉን ነገርኳቸው። ታዲያ ከፍራሽ ሥር ምን አገባው አሉኝ አቶ ወዳጆ። ከታች አስገቢ ተብዬ ነዋ፣ ታች ፍራሽ ነው ያለኝ አልኳቸው። ከባልሽ ጎን ምን አገባው አሉ። እስከ መጨረሻው ግፊ ተብዬ አልኩ።

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው የመምሬ ጥምጥም ነው። ከዚያ አቶ ወዳጆ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጨምቀው ጎንበስ አሉ፤ እንባቸው እስኪወርድ። በሩ ላይ ያለችው ጌታነሽ እንኳ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች፣ ትከሻዋ ግን ይነቃነቃል። ያልሳቀ አወቀ ብቻ ነው። ተነሥቶ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። አሁንም ያሳክክሻል ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ሁለት ወር ሙሉ ወይ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ አልኩት። ወጥቶ ሄዶ ባናውን ከእህቱ ቤት አምጥቶ አልጋው ላይ መለሰው።

መምሬ ፍርዳቸውን ሰጡ። አወቀ ሚስቱን ይዞ ነገውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ። ጌታነሽ ደግሞ ስሜን ባጠፋችበት ደጃፍ ሁሉ እየዞረች ታጽዳ። ጌታነሽ ዞረች፣ አልዋሽም፤ አንድ ቤት አልዘለለችም። ብቻ እሷም ያቺ ቃል የላትም። ምን ብላ ታስረዳ? «የጥርስ መድኃኒት ነው፤ ከፍራሽ ሥር የሚደረግ» አለቻቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ጥርሱን ሲያመው ኪኒን ከፍራሽ ሥር አድርጎ የሚያድር ሰው በሰፈራችን አለ፤ ሁለቱ ዳንን ብለው ሊያመሰግኑኝ መጥተዋል።

ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ አቶ ወዳጆ ዱላዬን ረሳሁ ብለው ተመለሱ። ዱላቸው በእጃቸው ነው። ግራ ቀኝ አዩና ጠጋ አሉኝ። ያ ያልሽው ነገር፣ ያ እንደ አይብ ያለው፣ ጠጄንም የሚያማት እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ከያዛት ሦስት ዓመቷ ነው፣ ነገ ጨው ልትገዛ አብራችሁ ትውረድ አሉኝ። እትዬ ጠጄ ባለቤታቸው ናት። ሦስት ዓመት! እኔ በሁለት ወር እንዲህ አገር ሳስቸግር እሷ ሦስት ዓመት ሙሉ ከፊቴ ተቀምጣ ሱፍ ስታባዝት ኖራለች። በሷ ተናደድኩ፣ በራሴም ተናደድኩ።

በማግሥቱ በሚኒባስ ሦስታችን ወረድን። ሲስተር ጽናት ታሪኩን ስትሰማ ሳቀች፣ ሳቋን ሳትጨርስ ደግሞ በራሷ ተበሳጨች፤ ሮጬ መሄዴ ነው ጥፋቱ አለች። በሩን ዘጋችና በስሙ ጠርታ፣ በእጇ እያሳየች፣ የት እንደሚገባ፣ እንዴት ተኝቼ እንደማስገባው ለኔም ለአወቀም ነገረችን። አወቀ አንገቱን ደፍቶ በጥሞና ሰማ። ስድስቱን ቀን ባልና ሚስት መገናኘት የለም፣ ብትድኚም ሳትጨርሺ እንዳታቆሚ፣ ካልዳንሽ ተመለሺ አለች። እትዬ ጠጄ ከኔው ላይ ሦስት ፍሬ ታካፍለኝ ብላ ነበር፤ ሲስተር እምቢ አለች። ማሳከክ ሁሉ አንድ አይደለም ብላ ለብቻዋ መረመረቻት፤ እውነትም የሷ ሌላ ሆነ፣ የሚዋጥ ታዘዘላት።

ከዚያ መድኃኒት ቤቱ ሄድን። መስኮቱ ፊት ሰባት ስምንት ሴት ተሰልፏል። ተራችን ሲደርስ ጋሼ በዕውቀቱ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ እኔን አዩኝ፣ ደግሞ ጠፍቶብሽ ነው ወይ አሉ። ካርቶኑን አወጡና ዓይናቸው ወደ ኮርኒሱ ወጣ። «ያው እንዳልኩሽ ነው፣ ማታ ማታ ከታች…»

«ከምን በታች?» አለ አወቀ።

የአወቀን ድምፅ አታውቁትም። ከገደል ማዶ ያለ በግ የሚጠራበት ድምፅ ነው፤ ዝቅ አድርጎ መናገር አያውቅበትም። ሰልፉ ሁሉ ዞረ። ሲስተር ነግራን የለም ወይ ብዬ ጋቢውን ጎተትኩት። ያበላሹት እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ያቅኑት አለኝ። ጋሼ በዕውቀቱ ከወገብ በታች ነዋ አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ከወገብ በታች ጉልበትም አለ፣ ቁርጭምጭሚትም አለ» አለ አወቀ። «ሚስቴ ከታች ተብላ ከፍራሽ ሥር አድርጋው ቤቴ ሊፈርስ ነበር። ስሙን ይጥሩልኝ።»

ጋሼ በዕውቀቱ ላብ ላብ አላቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ከኮርኒሱ አወረዱና፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ፊት ለፊት አይተውኝ «በብልት ነው ልጄ፤ በሴት ብልት ውስጥ» አሉኝ። አወቀ አመሰገናቸው። እሳቸው ግንባራቸውን እየጠረጉ ሳለ ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት ቀስ ብላ መጣችና ከጉያዋ ያንኑ ካርቶን አወጣች።

«እንግዲያው የኔም በዚያ ነበር?» አለች። «እኔ ከትራሴ ሥር አድርጌው።»

ሳቅኩ ማለት አልችልም፤ እንባዬ ነው የመጣው። ባሌን አየሁት፤ ያን የሸሸ ፀጉሩን፣ ያን አገር የሚሰማው ድምፁን። እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም። ጋሼ በዕውቀቱ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ታርመዋል ይባላል፤ አሁን የሳል ሽሮፕ ለሚገዛ ሰው እንኳ «ይህ በአፍ ነው፣ በአፍ» እያሉ ሁለቴ ይናገራሉ።

ስድስቱን በቦታቸው አስገባሁ። በሦስተኛው ቀን እሳቱ በረደ፤ ሲስተር እንዳለችው ሳላቆም ጨረስኩ። በሰባተኛው ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሱፍ ስፈትል አወቀ ከማሳው ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስድስቱ አለቀ ወይ አለኝ። አለቀ አልኩት። ያሳክክሻል ወይ አለኝ። እፎይ ብያለሁ አልኩት። ጥሩ ነው አለና ማዶ ማዶውን አየ። ቆየት ብሎ ጆሮውን አከከ። ስምንት ሴት ፊት መድኃኒት ቤት ያናወጠ ሰውዬ ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ቀረ።

«እንግዲህ…» አለኝ። «ያው… ከዛሬ ወዲያ እንግዲህ… ከታች…»

እንዝርቴን ጭኔ ላይ አኖርኩና ዞሬ ፊቱን አየሁት።

«ከምን በታች?» አልኩት።